“ጨ” ያለበት የባንድ ስም አይሸጥም?

ቤዝ ከገርጂ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ጥያቄዬ ቀልድ ሊመስል ይችላል። እኛ ግን ልንጣላበት ደርሰናል።

አምስት ነን። እኔ ቤዝ እመታለሁ። ሠርግ እንሠራለን፤ አርብ አርብ ማታ ደግሞ አንድ ላውንጅ ውስጥ እንጫወታለን። እስካሁን ስም የለንም። ፖስተሩ ላይ “ላይቭ ባንድ” ተብሎ ነው የሚጻፈው። ከሥሩ የዘፋኟ ፎቶ አለ። እኛ ከኋላዋ ደብዘዝ ብለን እንታያለን፤ እሱም ዲዛይነሩ ካልቆረጠን ነው።

አሁን የራሳችንን ሥራ ልንቀዳ ስለሆነ ስም ግድ ሆነ። ሦስት ስም ቀርቧል። ጭላንጭል፣ ቅኝት፣ ሉባንጃ። ጭላንጭል የኔ ነው። ቅኝት የሳክስፎኒስታችን ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ እያለ ካላወራ ምግብ የማይረጋለት ልጅ ነው። ሉባንጃን ያመጣው ድራመሩ ነው። ለምን ሲባል “ደስ ይላላ!” ብሎ ዝም።

ሥራ የሚያገናኘን ሰውዬ አለ። ኮሚሽኑን የማይረሳ፣ ሌላውን ሁሉ የሚረሳ። ስሞቹን ነገርነው። ሳቀና “ጨ እና ቀ ያለበት የባንድ ስም አይሸጥም። ጆሮ ይቧጥጣል። እስቲ ከታወቁት ባንዶች አንድ ጥሩልኝ” አለን። እኛም መጥራት ጀመርን። ዋልያስ። አይቤክስ። ሮሃ። ዳህላክ። ሶል ኤኮስ። ቬነስ። ኢትዮ ስታር። ሸበሌ። አድማስ። ጃኖ። ደቦ። እየጠራን ፊታችን እየተቀየረ ሄደ። እውነትም ጠ የለም፣ ቀ የለም፣ ጨ የለም፣ ጰ የለም፣ ጸ የለም። አንድም!

ከዚያች ማታ ጀምሮ ሰላም አጣሁ። ድምፁ ራሱ ነው ሰው እንዲወድ የሚያደርገው? ወይስ እንዲያው ገጠመኝ ነው? የምታውቁ ንገሩን። “ዋናው ሥራው ነው” የሚለውን መልስ ግን ቀድሜ አውቀዋለሁ፤ እሱን የምትጽፉ እባካችሁ አትድከሙ።

——

ሶስተኛ ዓመት፦

ዋናው ሥራው ነው ወንድሜ።

——

ጭላዳው፦

ዋልያ ከተወሰደ ከሰሜን ተራራ የቀረላችሁ ጭላዳ ነው። “ጨ” አለው፣ ፀጉር አለው፣ ደረቱም ቀይ ነው። ለፖስተር የሚመች እንስሳ ነው። አስቡበት።

——

ድምፅ ቆጣሪዋ፦

ዩኒቨርሲቲ የቋንቋ ጥናት ተምሬያለሁ። አሁን የምሠራው ሌላ ሥራ ነው፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ስሰማ ግን እጄን ይበላኛል።

ከዝርዝርህ የጠፉት አምስት ድምፆች በእርግጥ አንድ ቤተሰብ ናቸው። ጠ፣ ቀ፣ ጨ፣ ጰ፣ ጸ ስንል ጉሮሯችን ላፍታ ይዘጋል። አየሩ ከሳንባ አይመጣም። አፍ ውስጥ ታፍኖ ይቆይና ይፈነዳል። እንግሊዝኛም፣ ፈረንሳይኛም፣ ጣሊያንኛም እነዚህን ድምፆች ለቃል መለያ አይጠቀሙባቸውም። ስለዚህ ከዝርዝርህ ውስጥ አይቤክስን፣ ሶል ኤኮስን፣ ቬነስን እና ኢትዮ ስታርን አውጣቸው። የፈረንጅ ቃል ናቸው፤ ቢፈልጉም “ጨ” ሊኖራቸው አይችልም። የሚቀሩህ ሰባት ናቸው። ሰባት አጫጭር ስም ደግሞ ማስረጃ ለመሆን አይበቃም። ሉሲ፣ ሶፋ፣ ሎሚ፣ ኳስ፣ ሰኔ፣ አዋሽ፣ ደሴ። አየህ? እኔም ሳላስብ ሰባት ቃል ጠራሁ፤ አንዱም የለበትም።

ድምፅ ግን ባዶ ነው እያልኩ አይደለም። የታወቀ ሙከራ አለ። ሁለት ሥዕል ይሰጡሃል፤ አንዱ ክብ ክብ ያለ፣ ሌላው ሾጣጣ። “ቡባ” የትኛው ነው፣ “ኪኪ” የትኛው ነው ይሉሃል። እ.ኤ.አ. በ2001 ራማቻንድራን እና ሀባርድ የተባሉ ተመራማሪዎች ሙከራውን በእነዚህ ሁለት ቃላት ታዋቂ አደረጉት። በ2022 ደግሞ በ25 ቋንቋ ተናጋሪዎች ላይ ተሞክሮ ከመቶ 72ቱ ገደማ ክቡን ቡባ፣ ሾጣጣውን ኪኪ ብለዋል። ስለዚህ ሉባንጃ ክብ ነው ብትለኝ አምንሃለሁ። ጭላንጭል ሹል ነው ብትለኝም አምንሃለሁ። ሙከራው የሚናገረው ግን ስለ ቅርጽ ነው። የትኛው ይወደዳል የሚለውን አልጠየቀም። ሰውዬአችሁ የዘለሉት እዚህ ላይ ነው።

ሹል ድምፅ ራሱን የቻለ ገበያ አለው። የኮዳክ ባለቤት ጆርጅ ኢስትማን እ.ኤ.አ. በ1888 ስሙን ሲፈጥር “ኬ” የምትለዋን ፊደል ስለወደዳት ነው ከፊትም ከኋላም የከተታት። ጠንካራ ናት ብሎ። የሮክ ባንዶችን ተመልከት። ኪስ። ሜታሊካ። ማንም “ጆሮ ይቧጥጣል” ብሎ አልተዋቸውም። እንዲያውም እንዲቧጥጥ ነው የተፈለገው።

እኔ ብሆን መጀመሪያ የምጠይቀው የምትጫወቱት ምን ዓይነት ሙዚቃ ነው የሚለውን ነው። ለስለስ ያለ ትዝታ ከሆነ ሉባንጃ ይስማማዋል። ጊታራችሁ የሚጮህ ከሆነ ጭላንጭል ምን አለው?

——

ካሴት ሻጩ፦

ልጆቼ ሰላም ለናንተ ይሁን። መርካቶ ውስጥ ካሴት ስሸጥ ኖሬአለሁ። ሱቁ ከተዘጋ ቆየ። ጆሮዬ ግን አሁንም ለዚህ ነገር ክፍት ነው።

መጀመሪያ ዝርዝርህን ላስተካክልልህ። ምድር ጦርን ረሳኸው። “ጦ” አለበት። ሀገር ፍቅርን ረሳኸው። “ቅ” አለበት። እነዚህ ሁለት ስሞች በሌሉበት ስለ አገራችን ዘመናዊ ሙዚቃ ማውራት አይቻልም። “የነሱን ስም ያወጣው መንግሥት ነው፣ ገበያ አይደለም” ትለኝ ይሆናል። እሺ ይሁን። ዘፋኞቹን ጥራ እንግዲህ። ጥላሁን። ብዙነሽ በቀለ። ሙሉቀን። አስቴር አወቀ። ያ ሁሉ ጠ እና ቀ ማንን አስቀየመ? ሰው ጆሮው ተቧጠጠ ብሎ ካሴት ሲመልስ አላየሁም። ካሴት የሚመለሰው ሪባኑ ሲጠመጠም ብቻ ነበር።

አሁን ወደ ባንድ ስም ልምጣ። በኔ ሱቅ ደንበኛ ሲመጣ “የሮሃ አዲሱ አለ?” አይልም። “የማህሙድ አለ?” ነው የሚለው። የባንዱ ስም ሽፋኑ ላይ በትናንሽ ፊደል፣ ብዙ ጊዜ ከጀርባ ነበር። ነገር ግን አንድ ዓይነት ደንበኛ ነበር። ዝም ብሎ ገብቶ፣ ካሴቱን ገልብጦ፣ ማን እንዳጀበው አንብቦ ብር የሚያወጣ። ዘፋኙን አያውቀውም። አዲስ ልጅ ነው። “ሮሃ ነው የሠራው?” ብሎ ይጠይቃል። “አዎ” ካልኩት ይወስዳል። ለዚህ ሰው ስሙ ማኅተም ነበር። ማኅተም ደግሞ በድምፁ ማማር አይታመንም። ከዚያ በፊት በወጡት ካሴቶች ነው የሚታመነው። እዚህ ላይ ያ “ዋናው ሥራው ነው” ያለው ልጅ ትክክል ነው፤ ቀደም ብላችሁ አትንቁት።

የድምፅ ነገር ከተነሳ ግን አንድ የሚገርም ነገር ልንገራችሁ። በአንድ ከተማ፣ በአንድ ዘመን፣ በአንድ እንስሳ የተሰየሙ ሁለት ባንዶች ነበሩን። ዋልያስ እና አይቤክስ። አይቤክስ የሚባለው የዋልያ ወገን የሆነው የተራራ ፍየል ነው፤ ልዩነቱ በፈረንጅ አፍ መጠራቱ ነው። እንግዲህ ትርጉሙ አንድ፣ ድምፁ ሁለት። ሳይንቲስት ቢሆን ከዚህ የተሻለ ሙከራ አያገኝም። ምን ሆነ? ሁለቱም ተወደዱ። ዋልያስ ሒልተን ተጫወተ። አይቤክስ እ.ኤ.አ. በ1975 ከማህሙድ ጋር የቀዳው ሥራ ዛሬም ፓሪስ ውስጥ ይሸጣል። ብቻ አይቤክስን ደንበኛ ሲጠራው አንድ ቀን በትክክል ሰምቼው አላውቅም። አይበስ ያለኝ አለ። አይቤስክ ያለኝ አለ። አንዱ “ያ ቤንዚን የሚመስለው” ብሎኛል።

በኋላ ባንዱ ሮሃ ሆነ። ሰላም ሥዩም ጊታሩን፣ ጆቫኒ ሪኮ ቤዙን እንደያዙ ነው የቀጠሉት። ያው እጅ፣ ሌላ ስም። በካሴቱ ዘመን ስንቱን ዘፋኝ እንዳጀቡ ቆጥሮ የሚጨርስ የለም። ስሙ ነው ያሳደጋቸው ልልህ አልችልም። ካሴት በዚያው ሰሞን ሸክላን ከገበያ አስወጥቶ ስለነበር ሥራው በዝቶ ነበር። ግን ሮሃን የተሳሳተብኝ ደንበኛ የለም። ከገጠር የመጣውም፣ ከተማሪ ቤት የወጣውም እኩል ነው የሚጠራው። የላሊበላ የዱሮ ስም መሆኑን የሚያውቅ ያውቃል፤ የማያውቅም አፉ አይጠላለፍበትም።

ቀ እና ጨ ለምን ጠፉ ላልከው የኔ ግምት ይህ ነው። የዚያን ጊዜ ባንድ የሚቀጠረው ሆቴል ነው። ዋልያስ ሒልተን፣ ዳህላክ ጊዮን። ጠረጴዛው ላይ ፈረንጅ አለ። ሥራ አስኪያጁም ብዙ ጊዜ ፈረንጅ ነው። ስሙን እሱ መጥራት ካልቻለ በር ላይ ባለው ሰሌዳ እንዴት ያስጽፈዋል? በዚያ ላይ ፋሽን ነበር። ዋልያስ የሚለውን ልብ በሉት። ዋልያ አማርኛ ነው፤ “ስ” ከየት መጣች? ከነቢትልስ ነው የመጣችው። ያኔ መጨረሻው “ስ” ያልሆነ ባንድ ገና ልምምድ ላይ ያለ ይመስል ነበር። እንግዲህ የጆሮ ሳይሆን የቀጣሪ ጉዳይ ነው ባይ ነኝ።

ለናንተ የምመክረው አንድ ነገር ነው። ስሙን ወረቀት ላይ አትዩት። ሠርግ ላይ ለመድረክ መሪው ስጡት፤ በዚያ በሚያፏጭ ማይክ ይጥራው። እናንተ ከድንኳኑ ጫፍ፣ ከማብሰያው ጋር ቁሙ። ሮሃ መጨረሻው ክፍት ነው፤ ሰውየው እስትንፋሱ እስኪያልቅ ሊስበው ይችላል። ጃኖም እንደዚያው ነው። ዳህላክ ግን እንደ በር ይዘጋል፤ እሱም የራሱ ግርማ አለው። የናንተዎቹ እንዴት እንደሚሆኑ ሰምታችሁ ንገሩኝ።

——

ሲልቨር ስፕሪንግ፦

ጋሼ ያሉት ሁሉ ልክ ነው፤ አንድ የቀረ ነገር ግን አለ። ዛሬ ስም የሚጠራ ሰው ጥቂት ነው። ስም ይተየባል።

እኔ ሜሪላንድ ነው የምኖረው። ልጆቼ ሙዚቃ የሚፈልጉት በስልክ ነው፣ በላቲን ፊደል። “ቅኝት”ን እንዴት ነው የሚጽፉት? መጀመሪያዋ በኪው ነው ወይስ በኬ? ከሷ ቀጥሎ ኢ ነው የሚገባው ወይስ አይ? “ኝ”ን በጂ እና ኤን ነው የምናደርጋት ወይስ በኤን እና ዋይ? ባለቤቴ አንድ ዓይነት ትጽፋለች፣ እኔ ሌላ፣ ልጄ ሦስተኛ። ሦስታችንም እናንተን አናገኛችሁም። ሮሃን እንዴት ትስተዋለህ? አራት ፊደል ነው። ደቦም አራት ፊደል ነው። ቦስተን የተቋቋመ ባንድ ነው፤ አብዛኛው አባል አማርኛ ባይችልም ስሙን ሁሉም ይጠራዋል። ፓሪስ ደግሞ አካሌ ውቤ የሚባሉ ፈረንሳዮች አሉ። ስማቸውን የወሰዱት ከሳክስፎን ተጫዋቹ ከጌታቸው መኩሪያ ዜማ ነው። ስንት የአማርኛ ዜማ እያለ የመረጡት ለአፋቸው የሚመቸውን ይመስለኛል። የድሮውን ዘፋኝ ግርማ በየነን ወደ መድረክ የመለሱት እነዚህ ልጆች ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2017 አብረው አልበም አወጡ።

ቀላል መሆን ብቻውን ግን አይበቃም። ዋልያን ዛሬ ፈልግ። መጀመሪያ ብሔራዊ ቡድኑ ይመጣልሃል። ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ቢራ። ባንዱን ለማግኘት የሆነ ነገር መጨመር አለብህ። የዋልያስ ኪቦርድ ተጫዋች የነበረው ኃይሉ መርጊያ እዚህ ዋሽንግተን ታክሲ ሲነዳ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2013 የድሮ ሥራው እንደገና ሲታተም ዓለም ያወቀው በራሱ ስም ነው። ዋልያስን ሰው ያገኘው ከሱ ተነስቶ፣ ወይ “ሙዚቃዊ ስልት”ን ሰምቶ ነው። ያ ሥራ ደግሞ ዘፋኝ የለውም፤ መሣሪያ ብቻ ነው። ዘፋኝ በሌለበት ነው የባንድ ስም ፊት ለፊት የሚወጣው። እናንተም ዘፋኟን ይዛችሁ ከቀዳችሁ ስማችሁ ቡባም ሆነ ኪኪ ከጀርባ ነው የሚጻፈው። ይቅርታ አድርጉልኝ፣ እውነቱ ይኸው ነው።

ሉባንጃን ግን ወድጄዋለሁ። ሁሉም ፊደሉ በላቲን አንድ መንገድ ብቻ ነው ያለው።

——

ድምፅ ቆጣሪዋ፦

ጋሼ፣ ምድር ጦርን እና ሀገር ፍቅርን ስላነሱልን አመሰግናለሁ። እኔም አላሰብኳቸውም ነበር። የሆቴሉ ሐሳብም ከኔ ቁጥር ይሻላል።

ስለ ማይኩ አንድ ነገር ልጨምር። በ እና ፐ አየር ስለሚገፉ ማይክ ላይ “ቡፍ” ይላሉ። ጠ እና ጨ ግን የሚገፉት አየር ጥቂት ነው። ጥርት ብለው ይሰማሉ ብዬ እጠብቃለሁ። ሞክሩትና አረጋግጡልኝ።

——

ቤዝ ከገርጂ፦

ተሞከረ። ቅዳሜ ሲኤምሲ አካባቢ ሠርግ ነበረን። መድረክ መሪውን ለመንነው። መጀመሪያ “ምን ያደርግላችኋል?” ብሎ ተቆጣ፤ በኋላ ገባው። በየመሃሉ ባንዳችንን በሦስት ስም እያፈራረቀ ጠራው። ጊታሪስታችን ከማብሰያው ጋር ቆሞ አዳመጠ። እግረ መንገዱን ክትፎ አግኝቷል።

ቅኝት ወደቀ። “ቅኝት ባንድ” ሲባል ት ከባ ጋር ተላትማ ትጠፋለች። ከኋላ የሚሰማው “ቅኝ ባንድ” ነው። አንድ ሽማግሌ “የማን ቅኝ?” ብለው ጠየቁ። ሳክስፎኒስቱ እስካሁን አኩርፏል። ቃሉ ውብ ነው፣ ስሙ ግን ባንድ የምትለዋን አይችላትም እያልነው ነው። “እንግዲያው ባንድ የሚለውን አንሱት” ይላል። እሱም መንገድ ነው፣ አልካድንም።

ሉባንጃ ጥሩ ተሰማ። መድረክ መሪው “ሉባንጃጃጃ” እያለ ሲስበው እንዴት ደስ እንዳለው ብታዩ። ጋሼ ያሉት የክፍት መጨረሻ ነገር እውነት ነው። ችግሩ የሙሽራው አክስት ጢሱን ፍለጋ ዞር ዞር አሉ። ቡና የሚፈላ መስሏቸው።

ጭላንጭል ከሁሉም ጥርት ብሎ ከኋላ ድረስ ደረሰ። እህቴ ድምፅ ቆጣሪዋ፣ ያልሽው ልክ ነው፤ ማይኩ አልተነፋም። ነገር ግን መድረክ መሪው ሁለተኛ ጊዜ ሲጠራው “ጭላጭል” አለ። ሦስተኛ ጊዜ ደግሞ “ጭልጭል”። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ምን ሊል እንደሚችል እንጃ።

ዘፋኟ እስካሁን ዝም ብላ ነበር። ስልኳን አውጥታ ይህንን ሁሉ አነበበች። “ሲልቨር ስፕሪንግ” ያለው ጋ ስትደርስ “ታዲያ ያለኔ አንድ ሁለት ሥራ ቅዱ” አለች። ቀልድ መስሎን ነበር። አይደለም። በመሣሪያ ብቻ ሁለት ዜማ ልንቀዳ ነው፤ እሷ ሽፋኑ ላይ አትኖርም። ስለዚህ ስሙ አሁን የምር ሆነ።

ድምፅ ሰጠን። ሉባንጃ ሦስት፣ ጭላንጭል ሁለት። ሁለቱ እኔ እና ጊታሪስቱ ነን። ሥራ የሚያገናኘን ሰውዬ ሲሰማ “አላልኳችሁም?” አለ። እኔም ምድር ጦርን ጠራሁለት። “እሱ ሌላ ነው” አለ። ሀገር ፍቅርን ጠራሁለት። “እሱም ሌላ ነው” አለ። ጥላሁንን ስጠራ ስልክ መጣልኝ ብሎ ወጣ።

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ካልክ አይቀር አንድ ነገር ንገረኝ። “ሉ”ን በዩ ነው የምንጽፋት ወይስ በሁለት ኦ? ዲዛይነሩ እየጠበቀ ነው።

——

ሲልቨር ስፕሪንግ፦

በዩ። “ጃ”ንም በጄ እና በአንድ ኤ። ባንድ የምትለዋን ከስሙ ጋር አጣብቃችሁ አትጻፏት፤ ለይታችሁ አድርጓት። ከማተማችሁ በፊት ደግሞ ስሙን በየመድረኩ ፈልጉት። ሌላ ሰው ቀድሟችሁ ከሆነ አሁኑኑ ብታውቁት ይሻላል። ዩቲዩብ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክ ላይ በአንድ ዓይነት አጻጻፍ ዛሬውኑ ያዙት።

——

ካሴት ሻጩ፦

ሽፋኑ ላይ ማን ቤዝ እንደመታ፣ ማን ድራም እንደመታ ጻፉ። በትንሹም ቢሆን። በኛ ጊዜ ይህ ባለመጻፉ ስንቱ ተጫዋች ሳይታወቅ ቀርቷል።